ፊልሙ ውስጥ የሌለችው አክስት

ሐረር ተመድቤ ስመጣ ሻንጣዬ ውስጥ ሦስት ቀሚስ፣ አንድ ጋቢና ሰባት ዓመት የፈጀ ልቦለድ ነበረኝ። ልቦለዱ አላለቀም። በሰባት ዓመት ውስጥ ዋናው ሰውዬ ከአልጋው አልተነሳም። ይተክዛል። በመስኮት ያያል። አንድ ነገር ትዝ ይለዋል፤ ቀጥሎ ደግሞ ትዝ ስላለው ነገር ይተክዛል። ይህንን እኔ ጥልቀት ብዬ እጠራው ነበር። ያነበበው ሰው ስላልነበረ ሌላ ስም የሚያወጣለትም አልተገኘም።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከግንቡ ውጭ አዲሱ ከተማ ውስጥ ነው፤ አማርኛ ነው የማስተምረው። ቤት የተከራየሁት ግን ጀጎል ውስጥ ነው። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወረድ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ ገብቶ፣ አረንጓዴ በር ያለው ግቢ። አከራዬ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው የሐረሪ ሴት ናቸው። እማማ እላቸዋለሁ። ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል። ስፌት ይሰፋሉ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖባቸው ከብርሃንና ከጥላ በቀር የሚያዩት አልነበረም፤ ቢሆንም ቀዩን አለላ በቀኛቸው፣ ቢጫውን በግራቸው አስቀምጠው በጣታቸው እየዳበሱ የሚሠሩት ሙዳይ ዓይን ያለው ሰው ከሠራው ይበልጣል።

አንድ ልጅ አለቻቸው። ነርስ ናት፤ አዲሱ ከተማ ከባሏ ጋር ትኖራለች። በመጣች ቁጥር የምታነሳው አንድ ነገር ነበር።

«እማ፣ ሞራ እኮ ቀላል ነገር ነው። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።»

«ግማሽ ሰዓት ዓይኔ ውስጥ ምላጭ?» ይላሉ እማማ። «ወላሂ አይደረግም። ምን የሚታይ ነገር ቀርቶብኝ ነው?»

ነርሷ ተናዳ ትሄዳለች። በሳምንቱ ተመልሳ ያንኑ ትላለች።

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት ቀጥሎ፣ እማማ ቤት ሰው ይሰበሰባል። የሐረሪ ቤት ሳሎን እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ያለ፣ በቀይ አፈር የተለሰነ መቀመጫ አለው፤ ነደባ ይባላል። እዚያ ላይ እንደየዕድሜያችን እንቀመጣለን። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ስፌት መሃል፣ ከሳህኖቹ ጎን፣ ቴሌቪዥኑ አለ። ፊልሙን የምታመጣው ጎረቤታችን ናት፤ ጨርቅ ትሸጣለች። ዓርብ ጠዋት ፈረስ መጋላ አንድ ሱቅ ሄዳ በፍላሽ ታስጭናለች። ምረጪ አይሏትም፣ አትመርጥም። ለዚህ ነው አንድ ሳምንት ሰው የሚያስለቅስ ድንቅ ነገር፣ በሌላው ሳምንት ደግሞ ሰው ሳይሆን ፍላሹ ራሱ ሊያለቅስ የሚገባው ነገር የምናየው።

ፊልሞቹ የውጭ ናቸው፤ ከታች የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለባቸው። ለእማማ ሁሉም ያው ድምፅ ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት የሚተርክላቸው ጨርቅ ሻጯ ነበረች፣ የእሷ አተራረክ ግን እንዲህ ነው፦

«ውይ!»

«ምንድን ነው?» ይላሉ እማማ።

«ውይ! ውይ! አዩት?»

«ምኑን?»

«በቃ አለቀለት! ውይ!»

እማማ አንድ ዓርብ ስፌታቸውን አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ አስተማሪዋ፣ የምትጽፊ ነሽ አሉ። እስቲ ንገሪኝ።»

ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ጉሮሮዬን ጠረግኩና ጀመርኩ። ክፍሉ ሰፊ መሆኑን፣ መጋረጃው ሰማያዊ መሆኑን፣ በጠረጴዛው ላይ የአበባ ማስቀመጫ መኖሩን፣ የአበባው ዓይነት ጽጌረዳ ይሁን ሌላ መለየት ማስቸገሩን ተናገርኩ። ብርሃኑ በመስኮት እንዴት እንደሚገባ ገና ልገልጽ ስል እማማ እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ መጋረጃውን ልትገዢው ነው?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ጨርቅ ሻጯ ሻዩን ቀሚሷ ላይ ደፋች። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ጆሮዬ ድረስ ነደደኝ፤ የልቦለዴ የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ገጾች ስለ አንድ መጋረጃ ነበሩና።

ከዚያ ዓርብ ጀምሮ ተራኪ ሆንኩ። ሥራው ከባድ ነው። ፊልሙ አይጠብቅሽም፤ አንዱን ስትናገሪ ሌላው ያልፍሻል። ስለዚህ ከሚታየው አንድ ሺህ ነገር አንዷን መምረጥ አለብሽ፣ እሷም ትክክለኛዋ መሆን አለባት። ከተሳሳትሽ እማማ ወዲያው ይጠይቁሻል። ሁልጊዜ የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ ማን ነው? ምን ፈለገ? ማን ከለከለው? ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምሬ እነዚህን ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ የጠየቀኝ መምህር አልነበረም።

መጥፎ ፊልም ሲሆን እኔ ሥራ እፈታ ነበር። አንዱን አልረሳውም። ሰውየው ፍቅረኛው ጥላው ሄዳለች፤ ዝናብ ላይ ቆሞ ይናገራል። እኔም ቃል በቃል እተረጉማለሁ። «ልቤ ተሰብሯል፣ እጅግ አዝኛለሁ፣ እንዲህ ያለ ሐዘን ከዚህ በፊት አላዘንኩም ይላል።»

እማማ አለላቸውን በጥርሳቸው እየቆረጡ፣ «ያዘነ ሰው ይህን ሁሉ ትንፋሽ ከየት ያመጣል?» አሉ።

በሳምንቱ ፍላሹ ላይ የመጣው ሌላ ነበር። ጸጥ ያለ ፊልም ነው፤ ጨርቅ ሻጯ ገና ሲጀምር «ይሄ ተበላሽቷል መሰለኝ፣ አይናገሩም» ብላ ልትቀይረው ነበር። አንድ ሽማግሌ እራቱን ያሰናዳል። እኔ የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው፦ «ሁለት ሳህን አወጣ። ቆመ። አንዱን መለሰው።»

እማማ እጃቸው ስፌቱ ላይ ቀጥ አለ። «ሚስቱ ሞታለች» አሉ ቀስ ብለው።

ማንም አልነገራቸውም። ፊልሙም አልተናገረም። ዞር ብዬ ሳይ ጨርቅ ሻጯ ሻሿን ዓይኗ ላይ አድርጋለች። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሐዘኑ ይልቅ ደስታ ነበር የወረረኝ። ተነስቼ ግቢው ውስጥ መሮጥ አማረኝ። ሁለት ሳህን! የእኔ ሰውዬ ስለ ሚስቱ ሞት አርባ ገጽ ተክዟል፤ አንድ ሳህን እንኳ አላነሳም!

ግን መጥፎዎቹን ፊልሞች አልናቅኳቸውም። ሊናቁም አይገባም። ያ ዝናብ ላይ የሚለፈልፈው ሰውዬ ያለበት ፊልም በክፍል በክፍል የሚቀጥል ነበር፤ የአባቱን ፋብሪካ የሚወርስ ልጅ ነው። ታሪኩ ውስጥ ሁለት ሰው አእምሮውን ይስታል፣ ሦስት ሰው ተሳስቶ የገዛ እህቱን ሊያገባ ይደርሳል፣ የሞተው አጎት በየአምስት ክፍሉ ይመለሳል። እየሰደብነው ዓርብ ስንደርስ ግን ሁላችንም እዚያው ነን። ለምን ብዬ አሰብኩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል የሚያልቀው በር ሲንኳኳ ነው። የእኔን ምዕራፎች ሄጄ አየኋቸው። ሁሉም የሚያልቁት ሰውየው እንቅልፍ ሲወስደው ነበር። እንቅልፍ የወሰደውን ሰው ትቶ የማይተኛ አንባቢ ከየት ይምጣ?

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የፋብሪካው ወራሽ በስድስተኛው ክፍል መስኮት ላይ ቆመ። ልክ እንደ እኔ ሰውዬ። ቆመ፣ ቆመ፣ ቆመ። ሙዚቃ አለ፣ ሌላ ምንም የለም።

«ምን ያደርጋል?» አሉ እማማ።

«ቆሟል።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ቆሟል።»

«ማን ከለከለው?»

ማንም አልከለከለውም። ደራሲው የሚያደርገውን አጥቶ ነው። እማማ ማዛጋት ጀመሩ። የእሳቸው ማዛጋት ለእኔ ሥራዬን እንደመነጠቅ ነበርና አፌ ከእኔ ቀድሞ ሄደ።

«አክስቱ ገባች» አልኩ።

«አክስት አለችው እንዴ?»

«አለችው። ትልቅ ሴት ናት። ጥቁር ቦርሳ ደረቷ ላይ ታቅፋለች።»

ጨርቅ ሻጯ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ስክሪኑን አየች። ሰውየው ብቻውን ነበር የቆመው። እንደገና አየችኝ። በገበያ ሠላሳ ዓመት የኖረች ሴት ናት፤ ሰው ሲዋሽ ከሩቅ ታውቃለች። ፊቷ ላይ አንድ ነገር መጣ፣ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ እኔም አለቀልኝ ብዬ ስጠብቅ፣

«ይህቺ ደግሞ ምን ለብሳ ነው የመጣችው!» አለች።

«ምን ለብሳለች?» እማማ ወዲያው ተቃኑ።

«ሐር ነው። ወይን ጠጅ። ግን ስፌቱ የርካሽ ነው፣ ጫፉ ተተርትሯል።»

«እንግዲያው ድሮ ሀብታም ነበረች» አሉ እማማ። እንዲህ ሆና አክስትየዋ ተወለደች።

ከዚያ በኋላ ማቆም አልተቻለም። ዓርብ በመጣ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ «አክስትየዋ አለች?» ሆነ። እኛም እንፈጥራለን። ወራሹ ሲያለቅስ አክስትየዋ «ተነስና ፊትህን ታጠብ» ትለዋለች። የክፉ ሰዎቹ ምክር ሲመከር አክስትየዋ ከበሩ ጀርባ ቆማ ትሰማለች። እማማ አንድ ቀን «ድምጿ ለምን አይሰማኝም?» ብለው ሲጠይቁ ደንግጬ «ቀስ ብላ ነው የምትናገረው» አልኩ።

«የተማረች ናት» አሉ በአድናቆት።

ነደባው ላይ ያለን ሴቶች ሁሉ ትራሱን አፋችን ላይ አድርገን ተንቀጠቀጥን። እማማ «ምን ያስቃችኋል? አስቂኝ ነገር አለ?» ይላሉ፤ ጨርቅ ሻጯ «አክስትየዋ ወጥ ቤት ገብታ ድስቱን እየቀመሰች ነው» ትላለች፤ እሳቸውም ይስቃሉ፤ እኛ የበለጠ እንስቃለን።

ነርሷ የደረሰችብን በአራተኛው ሳምንት ነው። ከሥራ ቀጥታ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ስክሪኑን ታያለች፣ እኔን ትሰማለች። ፊልሙ ሳያልቅ በእጄ ይዛ ግቢው ውስጥ አወጣችኝ።

«እናቴን እየዋሻችኋት ነው።»

«ፊልም እኮ ነው…»

«ፊልሙ ፊልም ነው። እናንተ የምታደርጉት ግን ውሸት ነው። የማታይ ሴት!»

እውነቷን ነው። አንገቴን ደፍቼ «እተዋለሁ» አልኳት። ተመልሰን ገባን። ነርሷ ተቆጥታ ልትሄድ ነጠላዋን አነሳች። ግን እማማ እየጠበቁ ነበር፤ ጨርቅ ሻጯ እኔ በሌለሁበት አክስትየዋን ደረጃ ላይ አስቀምጣ ትታታለች።

«እግሯን ይዛለች ብላኛለች» አሉ እማማ በጭንቀት። «ምን ሆና ነው?»

ነርሷ ከንፈሯን ነከሰች። ስክሪኑን አየች፣ እናቷን አየች። ከዚያም በሐኪም ቤት ድምፅዋ ቀጥ ብላ፣

«ስኳር ሳይኖርባት አይቀርም» አለች። «ቁርጭምጭሚቷ አብጧል።»

ጨርቅ ሻጯ ነደባው ላይ ፊቷን ደፋች። ነርሷ ነጠላዋን አስቀምጣ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን በኋላ አክስትየዋ የታዘዘላትን መድኃኒት የምትወስድ፣ ጨው የቀነሰች፣ ጫማ የምታወልቅ ሴት ሆነች።

ችግሩ የመጣው ከዚያ ነው። በክረምቱ መግቢያ ላይ የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ይመጣሉ ተባለ። ነርሷ እንደ ልማዷ ወሬውን ይዛ መጣች፤ እምቢታውን ለመስማት ተዘጋጅታ ነበር። እማማ ሙዳያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ትንሽ አሰቡ።

«ያዩኛል ታዲያ? ይታየኛል?»

«ኢንሻአላህ፣ እማ።»

«እሺ» አሉ። «እሄዳለሁ።»

ነርሷ ቁጭ አለች። ሦስት ዓመት ለምናቸዋለች። «አልሐምዱሊላህ! ምን አሳመነሽ፣ እማ?»

«ያቺን ሴትዮ ማየት አለብኝ። ፊቷን ሳላያት አልሞትም።»

እኔና ጨርቅ ሻጯ ወጥ ቤት ገባን። ነርሷ ተከተለችን። ሦስታችንም ጭስ ውስጥ ቆመን ተያየን።

«ዛሬ እንንገራቸው» አልኩ።

«አብደሻል?» ነርሷ ክንዴን ያዘችኝ። «ብንነግራት አትሄድም። ሦስት ዓመት ነው የለመንኳት! አፍሽን ዝጊ።»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ውሸት ነው ያልሽው?»

«ውሸት ነው። ግን ዓይኗ ይድናል።»

ጨርቅ ሻጯ «ከዚያ በኋላ ግን እኔ ድሬዳዋ ነኝ፤ እህቴ ዘንድ» አለች።

ቀኑ ደረሰ። በባጃጅ ወሰድናቸው። እማማ መንገዱን ሁሉ በፍርሃት ዱዓ እያደረጉ፣ መሃል መሃል ላይ «ወይን ጠጅ ነው ያላችሁኝ አይደል ቀሚሷ?» ይላሉ። ሥራው እንደተባለውም ቀላል ነበር። በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ተነሳ። እኔ ትምህርት ቤት አስፈቅጄ ሄጄ ነበር።

መጀመሪያ የገዛ እጃቸውን አዩ። ገልብጠው አዩት። «ሱብሐነላህ፣ እንዴት አርጅቷል» አሉ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ። ጉንጯን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ነርሷ ነርስ መሆኗን ረስታ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሩ። ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኙኝ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«በድምፅሽ እኮ ረጅም ነበርሽ።»

ታማሚው ሁሉ ሳቀ። እኔ እያለቀስኩ ሳቅኩ።

ዓርብ መጣ። እማማ አዲስ ሻሽ አስረው፣ ከወትሮው ቦታቸው ወርደው ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጨርቅ ሻጯ ድሬዳዋ አልሄደችም፤ የሚሆነውን ሳታይ መቅረት አልቻለችም። የፋብሪካው ወራሽ ተከፈተ። እማማ በዝምታ አዩት። «ይህ ነው? ምን አፍንጫ ነው?» አሉ። ቀጠለ። አሥር ደቂቃ አለፈ። ሃያ።

«አክስትየዋስ?»

እኔ ወደ ጨርቅ ሻጯ ዞርኩ።

«ዛሬ የለችም» አለች ጨርቅ ሻጯ። «ሐጅ ሄዳለች።»

እማማ አዲሱን ዓይናቸውን ቀስ ብለው ወደ እሷ አዞሩ። «ሐጅ? በዚህ ወር?»

ጨርቅ ሻጯ እጇን በእጇ አጠፈች። «ማለቴ… ዑምራ። እሱ በማንኛውም ወር ይኬዳል።»

አንዲት ሴት ከኋላ ሳቋ አመለጣት። እሷ ስትስቅ ሌላዋም። እማማ ሁላችንንም አንድ በአንድ አዩን፤ ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲንቀጠቀጥ የሰሙትን ነደባ አሁን ሲያዩት ገባቸው። እኔ ተነስቼ እግራቸው ሥር ተንበረከክኩ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። የለችም። አልነበረችም። እኔ ነኝ የፈጠርኳት።»

«ቦርሳዋስ?»

«እሱንም።»

«ስኳሯስ?»

«እሱ የእኔ ነው፣ እማ» አለች ነርሷ ከበሩ ላይ።

እማማ ተነሱ። ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡና በሩን ዘጉ። ሳቁ ሁሉ እንደ ውሃ ደረቀ። ፊልሙ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይለፈልፋል፤ የሞተው አጎት ለስንተኛ ጊዜ ተመልሶ ነበር።

ሦስት ቀን ከሰላምታ በቀር አላናገሩኝም። ቤት መልቀቅ እንዳለብኝ ወስኜ ዕቃዬን ማሰባሰብ ጀምሬ ነበር። በአራተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው፣ ጎናቸውን መታ መታ አደረጉ።

«ቁጭ በይ።»

ተቀመጥኩ።

«ቦርሳው ውስጥ ምን ነበር?»

«እማማ፣ ሴትዮዋ እኮ…»

«መኖሯን አልጠየቅኩሽም። ስንት ሳምንት ደረቷ ላይ አሳቅፈሻታል። ስበላ አስቤዋለሁ፣ ስሰግድ እንኳ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አስቤዋለሁ። ሐኪሙ ዓይኔ ላይ ጎንበስ ሲል ሳይቀር። ውስጡ ምን ነበር?»

እኔ አላውቅም ነበር። ቦርሳውን ያሳቀፍኳት እጇን የምታሳርፍበት ስላጣሁ ነው። በየሳምንቱ ግን እየደጋገምኩ አንስቼዋለሁ፣ አንዴም ጠበቅ አድርጋ ያዘችው ብያለሁ። ባለ ሁለት አእምሮ ሳቾቹን ፊልም የሰደብኩበት ኃጢአት ይኸው ነበር፤ ቃል ገብቶ አለመፈጸም። ዓይናቸው ጥርት ብሎ ያየኛል። አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ፣ ያውም እውነት።

«ቁልፍ ነው» አልኩ። አፌ እንደገና ቀድሞኝ ሄደ።

«የምን ቁልፍ?»

«የራሷ ቤት። ቤት አላት። ይህን ሁሉ ዓመት በወንድሟ ልጅ ቤት እንደ እንግዳ ስትኖር፣ ጫፉ የተተረተረ ልብስ ስትለብስ፣ በር ጀርባ ስትቆም፣ ቤቷ አለ። ተቆልፏል። በፈለገች ቀን መሄድ ትችላለች።»

እማማ ቀና አሉ። የግቢው በር ላይ ወፍ ነበረች፤ እሷን ያዩ ነበር፤ ሞራ ከያዛቸው ወዲህ የወፍ ድምፅ ብቻ ነበር የሚያውቁት።

«ታዲያ ለምን አልሄደችም?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ግቢና እወቂ» አሉ። ክፍሌን በአገጫቸው አመለከቱኝ።

ገባሁ። ሰባት ዓመት የለፋሁበትን ልቦለድ ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ከአልጋዬ ሥር አደረግኩት። ሰውየውን ተኝቶ ተውኩት፤ ተመችቶታል። ነጭ ወረቀት አወጣሁና «አክስትየዋ ቦርሳዋን አስቀምጣ አታውቅም» ብዬ ጻፍኩ። ያን ዕለት እስኪመሽ ዘጠኝ ገጽ ሞላሁ። በዘጠኙም ገጽ መጋረጃ አልነበረም።

ዓርብ ላይ ከፊልሙ በፊት አነበብኩላቸው። እማማ ቂማቸው ሙሉ በሙሉ አልወጣም ነበር፤ ስሰናከል ደስ ይላቸዋል። «እዚህ ጋ ተኛች ትያለሽ፤ ማን ይተኛል በዚህ ሁሉ ነገር?» «ይህ ልጅ አጎቱን መንገድ ላይ በአጋጣሚ አገኘው? አላህ ያገናኘው፣ አንቺ ግን ምን ሠራሽ?» ጨርቅ ሻጯ የልብሱን ክፍል ሁሉ አረመችልኝ፤ ሐር እንዴት እንደሚተረተር እኔ የማውቀው ነገር አልነበረም። ነርሷ የስኳሩ መርፌ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ አስተካከለች። አንድ ጊዜ አንድ ገጽ ሙሉ ስሜት አነበብኩላቸው፤ የተመረጠ ቃል ነበረበት፤ ኮርቼበት ነበር። ሲያልቅ እማማ በትህትና «ሳህኑ የታለ?» አሉኝ። ገጹን እዚያው ቀደድኩት። ሴቶቹ አጨበጨቡ።

ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። ባለፈው ዓመት ታተመ፤ ቀጭን መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ ሲደርሰኝ ከመናኸሪያው እስከ ጀጎል በር ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው፣ በሩ ላይ ወርጄ በእግሬ ሮጥኩ። ትልቅ ሴት ነኝ፣ መምህርት ነኝ፣ ተማሪዎቼ ያዩኛል፤ ግን ሮጥኩ። እማማ በሩ ላይ ነበሩ። መጽሐፉን ተቀብለው ከፊት አዩት፣ ከኋላ አዩት፣ አሸተቱት፣ የዋጋውን ቦታ አዩና «ርካሽ ነው» አሉ። አማርኛ ማንበብ በልጅነታቸው ትንሽ ተምረው ነበር፤ በጣታቸው ፊደሉን እየተከተሉ የመጀመሪያዋን መስመር ጮክ ብለው አነበቧት። ለእኔ ከዚያ የሚበልጥ ሽልማት አልመጣም፤ እንዲመጣም አልጠብቅም።

አሁን ሁለቱም ዓይናቸው ያያል። ቴሌቪዥኑን ማንም አይተርክላቸውም፤ እንዲያውም እኔ ሥራ ላይ ስውል ቀን ብቻቸውን ያያሉ። ቋንቋውን አያውቁትም፣ ጽሑፉንም አያነቡትም፤ የሚያዩት ፊትና እጅ ብቻ ነው። ማታ ገብቼ እራት ስበላ ይተርኩልኛል፤ ታሪኩ ከእውነተኛው ጋር ይመሳሰል አይመሳሰል አንድም ቀን ተመልሼ አጣርቼ አላውቅም። ባለፈው ማክሰኞ የፈተና ወረቀት ተሸክሜ፣ ደክሜ፣ ቀጥታ ለመተኛት አስቤ ገባሁ። እማማ ነደባው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር፤ ዓይናቸው እንደ ልጅ ያበራል።

«አራት ወንድማማቾች ናቸው» አሉ። «አንድ ጀልባ ላይ ናቸው። አንዱ ይሞታል።»

«የትኛው?»

«ቆይ እንጂ። መጀመሪያ ጫማሽን አውልቂና ተቀመጪ።»

የፈተናውን ወረቀት መሬት ላይ አስቀመጥኩት።